የተማረው የት ደረሰ? የትምህርትና የሥራ መዝገቦችን የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ጠዋት ጠዋት የሚቆሙትን ወጣቶች ታውቋቸዋላችሁ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ያነባሉ። በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። ከመካከላቸው አንዷን እንውሰድ። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ፋይል ውስጥ አለ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ስትገባ ሬጅስትራሩ መዝግቧታል። ሲ ኦ ሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ስትፈተን ስሟ እንደገና ተጽፏል። ወረዳዋ "ሥራ ፈላጊ" ብሎ ይዟታል። ሥራ ስታገኝ ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ታወጣለች። አሠሪዋም በየወሩ የጡረታ መዋጮ ሲከፍል ስሟን ይልካል። ስድስት ቦታ ተመዘገበች ማለት ነው። ስድስቱ መዝገቦች ግን አይተዋወቁም።

"በአውቶ መካኒክ ዘንድሮ ስንት ሰው እንቀበል? በልብስ ስፌትስ?" ተብሎ ሲጠየቅ ታዲያ መልሱ ከየት ይምጣ? እኔ ባየሁት አብዛኛውን ጊዜ የአምናው ቁጥር ላይ ትንሽ ይጨመርና ያልቃል። ከዚያ ቁጥር ጀርባ ግን የልጆች ሁለትና ሦስት ዓመት፣ የወላጆችም ጥሪት አለ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በቢሮ ላሉ የዕቅድና የመረጃ ባለሙያዎች፣ ለኮሌጅ ሬጅስትራሮችና ለተመራማሪዎች ነው። ሥራው ትልቅ ማሽን አይፈልግም። ትዕግሥት፣ ጥንቃቄና ለሰው ስም አክብሮት ይፈልጋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በሥራ መዝገብ ውስጥ ያልተገኘ ሰው ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ከታች ያለው ሁሉ ይህን ስህተት ላለመሥራት የሚደረግ ጥረት ነው።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ

ፋይል አትጠይቁ፤ መጀመሪያ ጥያቄውን በወረቀት ላይ አስፍሩ። ውሳኔውን የሚወስነው ማን ነው? መቼ ይወስናል? የኮሌጆች የቅበላ ቁጥር ከመስከረም በፊት የሚያልቅ ከሆነ የእናንተ ውጤት ሰኔ ላይ ጠረጴዛው ላይ መድረስ አለበት። ጥቅምት ላይ የመጣ ጥሩ ጥናት ለዘንድሮ ልጆች አይጠቅምም።

ጥያቄው መዝገቡ ሊመልሰው የሚችል ይሁን። "ምሩቃን ሥራ አግኝተዋል ወይ?" በጣም ሰፊ ነው። ይህኛውን ተመልከቱ፦ "በአራዳ፣ በቂርቆስ፣ በልደታና በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች ካሉ የመንግሥት ኮሌጆች በ2014 በደረጃ 4 ከተመረቁት ውስጥ፣ በተመረቁ በ24 ወር ውስጥ ቢያንስ ለ6 ተከታታይ ወራት ጡረታ የተከፈለላቸው ስንቶቹ ናቸው? በየሙያው ሲታይስ?" እዚህ ላይ "ሥራ" የሚል ቃል የለም። "ጡረታ የተከፈለላቸው" ነው ያልነው። መዝገቡ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነውና። ከዚህ በኋላ ይህችን ጥያቄ እንደ ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

2. ማን ምን እንደያዘ ዕወቁ

ለማገናኘት የግለሰብ ረድፍ ያስፈልጋል። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የስታቲስቲክስ መጽሔት ጠቃሚ ነው፤ ግን ድምር ነው። በድምር ላይ ሰው አይገናኝም። ስለዚህ የኮሌጁን ሬጅስትራር ፋይል፣ የሲ ኦ ሲ ውጤትና የፈተና ውጤት ፈልጉ። ጥያቄያችሁ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ከሆነ ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ጥሩ መነሻ ነው።

በሥራ በኩል ትልቁ መዝገብ ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ይተዳደራሉ። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። አሠሪው በየወሩ በሚሞላው ዝርዝር ላይ ስም፣ ቲን ነምበርና ደመወዝ አለ። ወር በወር የሚመጣ ስለሆነ ሰውየው መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ የሚለውን ያሳያል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ደግሞ የሥራ ፈላጊውን ወገን ይዟል።

የሁለት ዘመን ምሩቃንን ከማወዳደራችሁ በፊት መሃል ላይ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 በኋላ ቀርቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ኮሌጅ በር ላይ የሚመጣውን ልጅ ይለውጠዋል። ድሮ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ይገባ የነበረ ተማሪ አሁን ሙያ ሊማር ይመጣል። ስለዚህ "ኮሌጃችን ተሻሻለ" ከማለታችሁ በፊት የተለወጠው ኮሌጁ ነው ወይስ ገቢው ተማሪ ብላችሁ እዩ።

3. ሕጉና ደብዳቤው

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለእኛ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ሁለት ነው፦ መረጃው ለተገለጸ ዓላማ ብቻ ይዋል፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰብሰብ። "ያላችሁን ፋይል ሁሉ ላኩልን" የሚል ደብዳቤ ከሕጉ ጋር ይጋጫል፤ ሰጪውንም ያስፈራዋል። የምትፈልጓቸውን ዓምዶች አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ደመወዝ ካላስፈለጋችሁ አትጠይቁ። ሃይማኖት፣ ብሔርና የጤና ሁኔታ በፋይሉ ውስጥ ቢኖሩ እንኳ ሳይላኩ ይቅሩ።

የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ስምምነት ቢያንስ እነዚህን ይመልስ፦ ጥያቄው ምንድን ነው? ፋይሉን ማን ያያል? የት ይቀመጣል? መቼ ይጠፋል? ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት ማን ያየዋል? ለመጨረሻው ጥያቄ የእኔ መልስ፣ መረጃውን የሰጠው አካል ስህተትን ለማረም ይየው፤ ውጤቱን ለመከልከል ግን መብት አይኑረው የሚል ነው። ይህን አስቀድሞ መጻፍ ኋላ ላይ ብዙ ቅያሜ ያድናል።

ከተሞክሮ አንድ ምክር ልጨምር። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ከመግባቱ በፊት ፋይሉን በእጇ የምታንቀሳቅሰውን ባለሙያ አግኟት። አንድ ኮሌጅ ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል ሬጅስትራር ላይ የሠሩ እናት ነበሩ። "እትዬ፣ የ2009 ፋይል ለምን ግማሽ ሆነ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ ያን ዓመት የማታው ክፍል በሌላ ኮምፒውተር ነበር የሚመዘገበው፤ ማን ጠይቆን ያውቃል?" አሉኝ። ያን ኮምፒውተር ባላገኝ የማታ ተማሪዎች በሙሉ እንዳልተማሩ ሆነው ይቀሩ ነበር።

4. ስሙን የሚያየው እጅና ውጤቱን የሚያየው እጅ ይለያዩ

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ግን አይዘለልም። አንድ ቡድን ስም፣ ፆታና የትውልድ ቀን ብቻ ይቀበልና ያገናኛል። ሲጨርስ ለእያንዳንዱ ሰው ትርጉም የሌለው አዲስ ቁጥር ይሰጣል። ሌላው ቡድን በዚያ ቁጥር አማካኝነት ሙያን፣ ውጤትንና የጡረታ ወራትን አገናኝቶ ይተነትናል። ስም አያይም። የመጀመሪያው ቡድን ደግሞ ደመወዝ አያይም። ማንም ሰው የጎረቤቱን ልጅ ስምና ደሞዝ ባንድ ላይ ማየት አይችልም።

ቁጥሩን ስትሠሩ ከአንድ የተለመደ ስህተት ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የፋይዳን (የዲጂታል መታወቂያውን) ቁጥር ሃሽ በሚባል ቀላል ስልት ወደማይነበብ ኮድ ቀይሮ "ደብቄዋለሁ" ይላል። የፋይዳ መለያ ቁጥር 12 አሃዝ ነው። ሊኖር የሚችለው ቁጥር ሁሉ ተሞክሮ ለማለቅ ለዛሬ ኮምፒውተር ከባድ አይደለም። ስለዚህ ሃሹ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚገባበት ይሁን፤ ቁልፉም ከፋይሉ ጋር በአንድ ማሽን ላይ አይቀመጥ። ፋይል በቴሌግራም አይላክ፣ በፍላሽ አይዙር። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለንባብ ደስ የሚል ቦታ ነው፤ የሰው የጡረታ ፋይል የሚከፈትበት ግን አይደለም።

5. ስሞቹን አጽዱ

አብዛኛው ጊዜያችሁ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሶፍትዌር የኛን ስም አያውቀውም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ሦስቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስቀምጡ። የአያት ስም በአንዱ ፋይል ኖሮ በሌላው ከሌለ "አልገጠመም" አትበሉ፤ "አልታወቀም" በሉት። በነገራችን ላይ ሴቶቻችን ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አለመቀየራቸው ለዚህ ሥራ ትልቅ ዕድል ነው። በሌላው ዓለም ያሉ ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ብዙ ይቸገራሉ።

መጀመሪያ ፋይሉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ቁጥር አሰጣጥ፣ የተጻፈ መሆኑን እዩ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል በሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። የመቀየሪያ ሰንጠረዥ ካለ ወደ ዩኒኮድ ይመለሳል።

ቀጥሎ ለማመሳከሪያ የሚሆን ሁለተኛ የስም ዓምድ ፍጠሩ። ሰውየው የጻፈው ስም እንዳለ ይቆይ፤ ለውጡ ሁሉ በሁለተኛው ዓምድ ላይ ይሠራ። ሐ እና ኀ ከነዘራቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይምጡ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ አንድ ይሁኑ። ያኔ ኃይሉና ሀይሉ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ፀጋዬና ጸጋዬ ይገናኛሉ። ተስፋዬና ተስፋየ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ስለሆነ ዬን ከየ ጋር አስታርቁ።

ከዚያ ሰረዞቹ። ገ/ሥላሴ ገብረ ሥላሴ ነው። ኃ/ማርያም ኃይለ ማርያም ነው። ወ/ ግን ሁለት ትርጉም አለው፦ ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል። የቆመበት ቦታ ይነግራችኋል። በአባት ስም ላይ ከሆነ ወልደ ነው። በሴት የራሷ ስም ላይ ከሆነ ወለተ ነው። ክፍተቱንም አጥፉት፤ ወልደ ማርያምና ወልደማርያም አንድ ይሁኑ። አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ወ/ት፣ ዲ/ን፣ ሐጂ የመሳሰሉት ማዕረጎች ከስሙ ይውጡ። ይህን መጨረሻ ላይ ለመሥራት አታስቡ፤ ለምን እንደምል በ8ኛው ደረጃ እነግራችኋለሁ።

የላቲኑ አጻጻፍ የባሰ ነው። ጸሐይን አንዱ በቲ ኤስ፣ ሌላው በቲ ዜድ፣ ሦስተኛው በኤስ ብቻ ይጀምራታል። ኦሮምኛ ስም ሲሆን ደግሞ ቁቤን ማወቅ ግድ ነው። ጫልቱ በቁቤ በሲ ትጀምራለች፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን በሲ ኤች። ቁቤን የማያውቅ ፕሮግራም "ካልቱ" ብሎ ያነባታልና ከራሷ መዝገብ ጋር ሳትገናኝ ትቀራለች። ኤክስ በቁቤ ጠ ነው። መሐመድም ሙሐመድ፣ ማህመድ፣ መሀመድ ሆኖ ይመጣል። ለእነዚህ ስሞች ቋንቋውን የሚናገር ባልደረባ ቁጭ ብሎ ደንቡን ያውጣ። ይህ ካልተደረገ ያልተገናኙት ሰዎች በአጋጣሚ የተበተኑ አይሆኑም። የአንድ ወገን ልጆች ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ ፖሊሲውን ያጣምማል።

አንድ ጠቃሚ ዘዴ ላካፍላችሁ። በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደላት ከነዘራቸው በስምንት በስምንት ተደርድረዋል። የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍላችሁ፣ ቀሪውን ጥላችሁ፣ መልሳችሁ በ8 ብታበዙ የዘሩን የመጀመሪያ ፊደል ታገኛላችሁ። ቈ፣ ኰ፣ ጐ እና ኈ ለብቻቸው ስለተቀመጡ በእጅ ወደ ቀ፣ ከ፣ ገ እና ኀ ይመለሱ። በዚህ መንገድ ሙሉጌታ "መለገተ" ይሆናል። ብርሃኑም ብርሀኑም "በረሀነ" ይሆናሉ። የአናባቢ ስህተት ሁሉ ይጠፋል። ግን ተጠንቀቁ፤ አበበና አበባም አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ይህ የስሙ አጽም (አናባቢው የወጣለት ስም) ሊገጥሙ የሚችሉትን ለመሰብሰብ ብቻ ይሁን። ፍርዱን በሙሉ ስምና በፆታ ስጡ።

6. ቀኖቹ

በ1990 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር 1997 ነው ወይስ 1998? ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከሆነ 1997፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 1998 ነው። ወሩ በሌለበት ዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 የደመረ ሰው በግማሽ ልብ ነው የደመረው። ስለዚህ በዓመት ላይ የአንድ ዓመት ልዩነትን ታገሡ።

መስከረም 1 እና ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሰዎች በፋይሉ ውስጥ ከበዙባችሁ አትደነቁ። ቀኑን የማያውቅ ጸሐፊ ወይም ባዶ መቀበል ያቃተው ኮምፒውተር የሞላው ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ የዛሬ ምሩቃን አብዛኞቹ የልደት ማስረጃቸውን ያወጡት አድገው ነው። እነዚህን ቀኖች "አይታወቅም" በሏቸው። ሁለት ሰዎች ሁለቱም መስከረም 1 መወለዳቸው ምንም አያረጋግጥም።

24ቱን ወራት መቁጠር የምትጀምሩት ከምርቃቱ ወር ነው። የትምህርት ዘመን ከመስከረም፣ የበጀት ዓመት ከሐምሌ ይጀምራል። በሁለቱ መሃል የሚጠፋው ሁለት ወር ለአንድ ሥራ ፈላጊ ልጅ ብዙ ነው።

7. አገናኙ

ዴንማርክ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ መለያ ቁጥር የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ስለዚህ እዚያ ሁለት መዝገብ ማገናኘት ቀላል ሥራ ነው። የኛ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። የፋይዳ ቁጥር በሁለቱም ፋይል ላይ ካለ መጀመሪያ በእሱ አገናኙ። የቆዩ ምሩቃን ፋይል ላይ ግን አታገኙትም። ቲን ነምበርም ሰውየው ሥራ ሲይዝ የሚያወጣው ስለሆነ ኮሌጅ ውስጥ የለም። ስለዚህ ለጊዜው የምንሠራው በስም ነው።

ሁሉን ከሁሉ ጋር ማስተያየት አትሞክሩ። 5,000 ምሩቃንና 200,000 የጡረታ ረድፎች ቢኖሯችሁ 1 ቢሊዮን ጥንድ ይወጣል። መጀመሪያ ክፍል ክፍል አድርጉ፦ ፆታ አንድ የሆነ፣ የስሙ አጽም አንድ የሆነ፣ የትውልድ ዓመቱ ከአንድ ዓመት በላይ የማይለያይ። ከዚያ በሁለተኛ ዙር በአባት ስም አጽም ድገሙት። በመጀመሪያው ዙር ስሙ ተሳስቶ የቀረው በሁለተኛው ይያዛል።

ለእያንዳንዱ ጥንድ ነጥብ ይሰጣል። ስሌቱ ኢቫን ፌሌጊና አለን ሰንተር እ.ኤ.አ. በ1969 ያስቀመጡት ነው፤ ሐሳቡ ግን የገበያ ሰው የሚገባው ነው። ፆታ ቢገጥም ብዙ አይደለም፤ በአጋጣሚም ግማሽ ጊዜ ይገጥማል። የትውልድ ወር ቢገጥም ይሻላል፤ በአጋጣሚ የሚገጥመው ከ12 አንዴ ያህል ነው። ስሙ ከ200,000 ሰው 2,000 የሚጠሩበት ከሆነ አጋጣሚው ከ100 አንድ ነው። 5 ሰዎች ብቻ የሚጠሩበት ከሆነ ግን ከ40,000 አንድ ነው። ብርቅ ስም ሲገጥም ብዙ ነጥብ፣ የበዛ ስም ሲገጥም ትንሽ ነጥብ። ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት አይጠበቅባችሁም። በእንግሊዝ የፍትሕ ሚኒስቴር የተሠራው ስፕሊንክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራላችኋል። የስሙን ጽዳት ግን አይሠራላችሁም፤ ያ የእናንተ ነው።

መጨረሻ ላይ ሦስት ክምር ይኖራችኋል፦ በእርግጥ አንድ የሆኑ፣ በእርግጥ የተለያዩ፣ መሃል ላይ ያሉ። የመሃሎቹን በዓይን እዩ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይፍረዱ፤ ከተለያዩ ሦስተኛ ሰው ይጨመር።

8. ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት ፈትሹ

ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የኮሌጅ ምሩቃንን ከደመወዝ ዝርዝር ጋር አገናኘን። ሴቶች በጣም ጥቂት ሆነው ወጡ። ግራፍ ሠርተን ስብሰባ ላይ አቀረብን። አንዲት የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ከኋላ ተነሥተው "እኔ ያሠለጠንኳቸው ልጆች ፋብሪካ ገብተዋል፤ ከሥራ ሲወጡ በሰርቪስ ሲሄዱ ነው የማያቸው። እናንተ የት ነው ያጣችኋቸው?" አሉ። ተመልሰን ፋይሉን ከፈትን። አሠሪዎቹ የሴቶቹን ስም ከማዕረጋቸው ጋር አጣብቀው ጽፈውታል። "ወ/ሪትሰላም" የሚል ስም ከ"ሰላም" ጋር አልገጠመም። ወንዶቹ ፊት "አቶ" ስላልነበረ እነሱ ተገናኙ። ሥራ ያላቸው ልጆች በኛ ሪፖርት ሥራ አጥ ሆነው ነበር። ያቺ ሴት ባይነሱ ኖሮ የስፌት ሥልጠናው ቅበላ ሊቀነስ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ይህን ሳታደርጉ ውጤት አታውጡ። ከተገናኙት ውስጥ 200 ጥንድ በዕጣ አውጡና ስንቶቹ የተሳሳቱ እንደሆኑ ቁጠሩ። የሚገናኙበትን መጠን በፆታ፣ በኮሌጅ፣ በሙያ፣ በቀንና በማታ ክፍል ለያይታችሁ እዩ። አንዱ ቡድን ዝቅ ካለ መጀመሪያ የስም ችግር እንደሆነ ጠርጥሩ፤ የሥራ ችግር መሆኑ ከዚያ በኋላ ይታይ። ሥራ እንዳላቸው በእርግጠኝነት የምታውቋቸውን ሰዎች ዝርዝር ከኮሌጁ ተቀበሉና ዘዴያችሁ ስንቶቹን እንደሚያገኝ ሞክሩ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

9. ያልተገኙት የት ናቸው?

ከጡረታ ፋይሉ ውጭ የቀረ ሰው መርካቶ ሱቅ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ጓደኞቹን ይዞ ማኅበር አቋቁሞ የብረት ሥራ ከፍቶ ይሆናል። ታክሲ ላይ ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ በሌላኛው የጡረታ መዝገብ ይኖራል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይሆናል። ወደ ክልል ሄዷል ወይም ዓረብ አገር ገብቷል። ልጅ ወልዳ ቤት የዋለች ትኖራለች። በእውነት ሥራ ያጣም አለ። እነዚህን ሁሉ "ሥራ አጥ" በሚል አንድ ሣጥን ውስጥ መክተት በደል ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ስታቲስቲክስ መለኪያ ባለፉት 7 ቀናት አንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራን ሰው ሥራ ላይ ነው ይላል። የእኛ መለኪያ ደግሞ 6 ወር ጡረታ ነው። የሁለቱ ርቀት ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ውጤታችሁን ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሥራ አጥነት ቁጥር ጎን አታስቀምጡት።

በመጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኞችን መዝገብ ጨምሩ። ቀጥሎ ስልክ ደውሉ። ካልተገኙት ውስጥ 300 ሰው በዕጣ ብታወጡና ሁሉንም ብታገኙ ግምታችሁ ወደ 6 በመቶ ነጥብ ገደማ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ለቅበላ ውሳኔ ይበቃል። ስልክ የቀየሩት ግን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ያልተገኙትንም ቁጠሩና ጻፉ። ደዋዩ ኮሌጁ የሚያውቀው ሰው ቢሆን ይሻላል። ምሽት ከ12 ሰዓት በኋላ ይደወል። መጀመሪያ ከየት እንደሚደውል፣ ለምን እንደሚደውል ይናገር፤ መመለስ ግዴታ እንዳልሆነም ይናገር። ጥያቄው ከ5 አይብለጥ። "ሥራ አለህ?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው ያፍራል። "በዚህ ሳምንት ምን ስትሠራ ቆየህ?" በሉት። ያኔ ልብስ መተኮሱም፣ ደላላነቱም፣ የወንድሙ ጋራዥ ውስጥ መዋሉም ይወጣል። በሙያው የተማረውን እየሠራበት መሆኑን የምታውቁት በዚህ ነው፤ ጡረታ ላይ የሥራው ዓይነት ብዙ ጊዜ አይታይም።

10. ውጤቱን ስታወጡ

በሰንጠረዡ አንድ ሣጥን ውስጥ ከ10 በታች ሰው ካለ ቁጥሩን አትጻፉ። ድምሩን ጽፋችሁ አንዱን ብቻ ብትደብቁ ግን በመቀነስ ይወጣል፤ ሁለተኛ ሣጥንም ደብቁ። ሦስት ሴቶች ብቻ የተመረቁበት የብየዳ ክፍል ካለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ደመወዝ ከጠየቃችሁ ዓመታትን ስታወዳድሩ የዋጋ ንረቱን አስተካክሉ። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊትና በኋላ ያለ 8,000 ብር አንድ አይደለም። ኮሌጆችንም ከ1 እስከ መጨረሻ ደርድራችሁ አታውጡ። ደካማ ተማሪ ተቀብሎ የሚለፋ ኮሌጅ ከታች ይወድቅና በዓመቱ እሱም መርጦ መቀበል ይጀምራል። በሙያ አውጡት። ውሳኔውም የሚፈልገው እሱን ነው። ሰነዱ ለኃላፊው አንድ ገጽ ይሁን፤ የተገናኙት፣ ያልተገናኙትና በስልክ የተገኙት ጎን ለጎን ይታዩ። ከመውጣቱ በፊት ረቂቁን ይዛችሁ ኮሌጁ ሂዱ፤ አሠልጣኞቹ ፊት አንብቡት።

11. ዛሬውኑ የምዝገባ ቅጹን አስተካክሉ

ይህን ሁሉ ድካም በሚቀጥለው ዙር ግማሽ ማድረግ ይቻላል። ከኮሌጁ ሬጅስትራር ጋር ቁጭ በሉና የዘንድሮውን ቅጽ ክፈቱ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ለየብቻ፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ ሳይቆራረጥ ይጻፍ። በላቲንም በተማሪው እጅ ይጻፍ። ማዕረግ የራሱ ቦታ ይኑረው። የትውልድ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ምልክት ይደረግ፤ "ቀኑን አላውቅም" የሚል ምርጫም ይኑር። የፋይዳ ቁጥርና ሁለት ስልክ፣ አንዱ የእናት ወይም የአባት ይሁን። ከሥሩ ደግሞ ተማሪው አንብቦ የሚፈርምበት አንድ መስመር ይጨመር፦ "ከተመረቅኩ በኋላ መረጃዬ ሥልጠናውን ለማሻሻል ብቻ፣ ስሜ ሳይገለጽ፣ ከሥራ መዝገቦች ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ተነግሮኛል።"